የላቀው ቅኔ

የፋሲካ ማግስት የጎረቤቴ ልጆች ጓሯቸው እሳት አንድደው የበጉን ጭንቅላትና እግር ይለበልቡ ነበር፤ የሚንጨረጨረው ጠጉር ሽታ አጥሩን ተሻግሮ፣ በመስኮቱ ገብቶ፣ እኔ እስከተቀመጥኩበት ወንበር ድረስ መጣ። የልጅ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ "እማማ፣ ኧረ ልዝጋው" ብላ ተነሣች። ተዪው አልኳት። ሽታው ደስ ብሎኝ አይደለም፤ አንዴ ከገባ ወዲያ መስኮት ቢዘጋ ባይዘጋ ለኔ ለውጥ ስለሌለው ነው። ደጅ ባጃጆቹ እየተንጣጡ ያልፋሉ፣ ከመንገዱ ማዶ አንዱ የጋሪ ፈረሱን ይሳደባል፣ የፍኖተ ሰላም የሚያዝያ ፀሐይ ቆርቆሮውን ያንቋቋዋል፤ እኔ ግን ቤቴ ተቀምጬ ቤቴ አልነበርኩም። ለሌላው ሰው ልጅነቱ በአበባና በእሸት ሽታ ይመጣለት ይሆናል። የኔ የሚመጣው በተቃጠለ ደበሎ ሽታ ነው።

ደበሎ የቅኔ ተማሪ የሚለብሰው የበግ ቆዳ ነው፤ ቀን ልብሱ፣ ማታ ብርድ ልብሱ፣ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ነበር። እኔ ያደግሁት በደበሎ ለባሾች መካከል ነው። አባቴ የኔታ ይስማው ከቡሬ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ፣ ዝግባ ሚካኤል በምትባል ደብር የቅኔ መምህር ነበሩ። ንጉሡ ገና ያሉበት ዘመን ነው፤ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ከተዳፋቱ ላይ ነበረች፤ ከቤታችን በታች ደግሞ የተማሪዎቹ ጎጆዎች ዝናብ እንዳበቀላቸው እንጉዳዮች እዚህም እዚያም ተሰግስገው ይታያሉ። ከሊበን፣ ከፈረስ ቤት፣ ስሙን ሰምቼው ከማላውቀው አገር ሁሉ ይመጡ ነበር። ከሰዓት በኋላ አኮፋዳቸውን አንጠልጥለው በየመንደሩ ቁራሽ ይለምናሉ፣ ከውሻ ጋር ይደባደባሉ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በየቁጥቋጦው ሥር ተበታትነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የግእዙን ቃል ከቃል ሲያጋጥሙ ይውላሉ። ማለዳ ሞፈሩን ተሸክሞ የሚያልፍ ገበሬ ያበዱ መስሎት ያማትባል። አንዱ ተማሪ የቅኔውን የመጨረሻ ቤት፣ የመጨረሻዋን ስንኝ፣ ሊሞላ ሲያስብ ገደል ገብቶ እግሩን ተሰብሮ ነበር፤ ጓደኞቹ ሊያነሡት ቢወርዱ፣ ከሥር ሆኖ "ሞላልኝ! ሞላልኝ!" እያለ ሲጮህ አገኙት ይባላል።

አባቴ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ክንዳቸው እንደ አራሽ ክንድ የደነደነ ሰው ነበሩ። ከወይራው ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተማሪዎቹ የቆጠሩትን ቅኔ አንድ በአንድ ይሰማሉ። ደካማ ቅኔ አያስቆጣቸውም፤ ያርማሉ፣ ያሾፋሉ፣ ይስቃሉ። የሚያስቆጣቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። በአንድ ክረምት ከሌላ የቅኔ ጉባኤ የመጣ ተማሪ እዚያ የሰማውን የሌላ ሰው ቅኔ የራሱ አድርጎ አቀረበ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። "እስኪ ድገመው" አሉት፤ ደገመው። ከዚያ ተነሡና ዱላቸው እስኪሰበር ጀርባው ላይ አወረዱበት። የቀረውን ተማሪዎቹ ጨረሱት፤ በድንጋይ እያባረሩ ወንዝ ድረስ ወሰዱት፣ ደሙ ከጆሮው ሥር እየወረደ ውኃውን ሲሻገር በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴ ቤት ገብተው እጃቸውን ታጥበው ምሳቸውን በሉ። "እህል የሰረቀ ርቦት ነው" አሏት እናቴን፣ እንጀራውን እየቆረሱ። "ቅኔ የሰረቀ ግን የሰው ነፍስ ነው የሰረቀ።" በቅኔ ቤት አንድ ሰው ሳይዘጋጅ ከአፉ ሲያፈልቅ "ዘረፈ" ይባላል፣ ትልቅ ምስጋናም ነው። ሕፃን ሳለሁ ይህ ነገር ግራ ያጋባኝ ነበር፤ የዘረፈው ሲመሰገን፣ የሰረቀው ለምን በድንጋይ እንደሚባረር አይገባኝም ነበር።

ቅኔ የተማርኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው። ከግድግዳው ጥግ ጥጥ ስፈትል ጉባኤው ይሰማኛል፤ እንዝርቱ በእጄ ይሾራል፣ ግእዙ በጆሮዬ ይገባል። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ከውጭ ቆሞ ያዘጋጀውን ሲያነበንብ ሰምቼ "ሦስተኛው ቤት ጎደለ" አልኩ፣ ለራሴ። አባቴ ከኋላዬ ቆመው ነበር። "ምን ጎደለው?" አሉኝ። ደንግጬ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ወጡ። በማግስቱ ማለዳ፣ ተማሪዎቹ በየቁጥቋጦው ሳሉ፣ ጓሮ ከጌሾው አጠገብ ቁጭ አሉና "ስመኝ፣ ነይ እስኪ" ብለው ጠሩኝ። እንዲህ ጀመርን። እናቴ ጥሩሰው ግእዝ የሚባል አታውቅም፤ ወገቧን ይዛ ቆማ ታየናለች። "ይቺን ልጅ ማን ሊያገባት ነው እንዲያው? ባሏን በግእዝ ልትሰድበው!" ትላለች። አባቴ ይስቃሉ። እነዚያ ማለዳዎች፣ የጌሾው ቅጠል ጤዛውን ሲያንጠባጥብ፣ አባቴ አንድ ቃል ጥለውልኝ ሌላ ቃል ሳነሣላቸው ፊታቸው ሲፈካ፣ በዕድሜዬ የማውቃቸው የመጨረሻዎቹ ፍጹም ደስታዎች ናቸው።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግድም ሳለሁ፣ በነሐሴ፣ ታናሽ ወንድሜ ሀብቴ በኩፍኝ ሞተ። ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር። እናቴ ሚካኤልን ተስላ፣ ደጁ ላይ ተንበርክካ ለምናው ነበር። ከቀበርነው በኋላ ቤቱ ዝም አለ፤ አባቴም ማለዳ ማለዳ መጥራታቸውን ተዉ። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። በቆሎው እሸት በያዘበት ጊዜ ነው፤ ገበሬዎች ማማ ሠርተው ዝንጀሮና ወፍ ይጠብቃሉ። ከዚያ ማማ ተነሥቼ ሥላሴ የሚባለውን ባለ ስድስት ቤት ቅኔ ቆጠርሁ። ሰሙ፣ ጌታው በማማ ላይ ያስቀመጠው ጠባቂ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ ሌባ ገብቶ ገና ያልበሰለውን እሸት አጨደ፤ ጠባቂው ሲነቃም ወንጭፉን ታቅፎ ባዶ አገዳ ይቆጥራል የሚል ነው። ወርቁ ለቅዱስ ሚካኤል ነበር፤ አንተ የተሾምክብን ጠባቂ፣ ሞት ሲመጣ የት ነበርክ ማለቴ ነው። ከወርቁ በታች ደግሞ ወንድሜ ነበር።

አንድ ማለዳ እኔው አባቴን ጠራኋቸው። አባቴ ከጌሾው አጠገብ ተቀምጠው ሰሙኝ፤ እስኪ ድገሚው አላሉኝም። ፊታቸውን ወደ ጌሾው አዙረው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ አለቀሱ። በኋላ፣ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው፣ "የልጄ ነው ብዬ በማኅሌት መካከል የምሰጥበት ቀን ይመጣል፤ እስከዚያ ካንቺና ከኔ ጆሮ አይውጣ" አሉኝ።

ከኛ ጆሮ ግን ያን ጊዜውኑ ወጥቶ ነበር። ላቀው የሚባል ከሊበን የመጣ ተማሪ፣ ቆላ ወርዶ ሲለምን ንዳድ ይዞት፣ እናቴ አዝናለት ከቤታችን ጓዳ መደብ ላይ ተኝቶ ነበር። መልከ ቀና፣ ረዥም፣ ድምፁ እንደ መለከት የሚወጣ ልጅ ነበር፤ ድጓ ቢማር ኖሮ አገር ይመካበት ነበር። ቅኔ ግን እምቢ አለው። ሌሎቹ በዓመት የሚጨርሱትን ደጋግሞ ቢጀምር አይገፋለትም፤ ከሱ በኋላ የመጡት አልፈውት ሄደዋል፣ ይስቁበትም ነበር። በንዳዱ ሲንቀጠቀጥ አጥሚት ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ የጓዳው ግድግዳ ደግሞ ምርጊቱ ረግፎ በማገሩ ክፍተት ብርሃን የሚያስገባ፣ ጌሾው ከሥሩ የበቀለበት ግድግዳ ነው። ላቀው ተኝቶ መስሎን ነበር።

የኅዳር ሚካኤል መጣ። ዝግባ ሚካኤል በዓመት አንዴ የምትደምቅበት ቀን ነው፤ ካህናቱ ከቡሬ ሳይቀር መጥተዋል፣ የወረዳው ገዥም ነጭ ለባሽ ዘበኞቻቸውን አስከትለው በበቅሎ ደርሰዋል። ማኅሌቱ ሊያበቃ ሲል፣ በመስኮቶቹ ወገግታ ሲገባ፣ ቅኔ መባል ተጀመረ። የኛ ቤት ተማሪዎች ሁለት ሦስት ቅኔ አሉ፤ "ይበል!" ተባለላቸው። ከዚያ ላቀው ማንም ሳያዘው ወደ መካከል ወጣ። የአባቴ ምክትል ሆኖ ቅኔ የሚያስነግረው፣ ይበልጣል የሚባለው ተማሪ፣ በዓይኑ ሊመልሰው ሞከረ፤ ላቀው አላየውም። አፉን ሲከፍት የመጀመሪያው ቃል የኔ ነበር። ሁለተኛውም የኔ ነበር። ከሴቶች መቆሚያ ሆኜ፣ ወንድሜን ከመቃብር አውጥቶ በሰው ፊት የሚያስጨፍረው ያህል ተሰማኝ፤ ያ መለከት ድምፁ የኔን ቃል ሲያስተጋባው ሕዝቡ እስትንፋሱን ዋጠ። "ይበል! ይበል!" ሲባል ቤተ ክርስቲያኑ ተናወጠ። አጠገቤ የቆመችው እናቴ ምን እንደተባለ ሳታውቅ፣ ቤቷ ታሞ የተኛው ልጅ ስለከበረ ብቻ፣ እልል አለች። አባቴ ብቻቸውን ዝም ብለው በመቋሚያቸው ተደግፈው ነበር፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

ዝም ያለ ሌላም ሰው ነበረ። ገዥው ግእዝ አያውቁም፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ደብተራ ግን ወደ ጆሯቸው ዘንበል ብሎ ትርጉሙን ነገራቸው። በዚያ ክረምት ሽፍቶች የአጥቢያውን ከብት ሲነዱ ገዥው ቡሬ ሠርግ ላይ ነበሩ፤ አገሩ በሙሉ እየተሳሳቀ ሲያወራው ከርሟል። ማማ ላይ ስለተኛ ጠባቂ የሚያወራ ቅኔ ለሳቸው ወርቁ ማን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም። ካህናቱም "ይበል!" እያሉ የጮኹት ለዚሁ መሆኑ በኋላ ነው የገባኝ። ስለ ወንድሜ የቆጠርሁት ልቅሶ ከላቀው አፍ ሲወጣ የመንደር ተረብ ሆኖ ነበር።

ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ገዥው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ላቀው ተጠራ። ካባ የሚሸለም መስሎት ደበሎውን አራግፎ፣ ጠጉሩን በእጁ አስተካክሎ፣ እየፈገገ መጣ።

"ቅኔው የማን ነው?" አሉት።

"የራሴ ነው ጌታዬ" አለ፣ እጅ እየነሣ።

ገዥው በአገጫቸው ምልክት ሰጡ። ሁለት ነጭ ለባሾች ደበሎውን ገፈው በሆዱ አስተኙት፤ አንዱ እጁን፣ አንዱ እግሩን ያዘ፤ ሦስተኛው ጅራፉን ፈታ። የመጀመሪያው ሲያርፍ ላቀው አልጮኸም፤ ገና ነገሩ አልገባውም ነበር መሰል ቀና ብሎ ሰዉን ተመለከተ። ሁለተኛው ሲያርፍ ጮኸ። ጅራፉ ወደ ላይ ሲነሣ የቆዳ ፍርፋሪ ይዞ ይነሣል፤ ነጭ የበዓል ነጠላ የለበሱ ሴቶች ላይ ደም ሲፈናጠቅ ወደኋላ እያሉ ተደራረቡ። ቄሶቹ መስቀላቸውን ይዘው "ስለ ሚካኤል!" አሉ፤ ገዥው አልሰሟቸውም። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው ተንበረከኩ፤ ወርቁ ስለ መልአኩ መሆኑን፣ የቅኔ ሥርዓቱ እንዲህ እንደሆነ ሊያስረዱ ጀመሩ። "ለመልአኩ ከሆነማ ቅኔውን መልአኩ ይውሰድ፣ ጅራፉን ለኔ ተዉልኝ" ብለው ገዥው ሳቁ፤ ሰዉም ከፍርሃት ሳቀ።

እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳደረገኝ ዛሬም አላውቀውም። ላቀውን እጠላው ነበር፤ አጥንቴ ድረስ። ግን እያንዳንዱ ጅራፍ "የማን ነው?" ብሎ ሲያርፍ የሚጠይቀው እኔን ነበር። ሰዉን ሰንጥቄ ወጣሁ።

"ቅኔው የኔ ነው!"

ጅራፉ አየር ላይ ቆመ። ሰዉ ሳቀ፤ ገዥው ራሳቸው ጉልበታቸውን መቱ። "የማን ልጅ ናት?" አሉ።

"የኔ ናት ጌታዬ" አሉ አባቴ፣ ከተንበረከኩበት።

"ቅኔው የኔ ነው ትላለች እኮ። እውነት ነው?"

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ያ የጓሮ ማለዳ፣ ጌሾው፣ ጤዛው ሁሉ ሲያልፍ ያየሁ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ጅራፉ አዩ።

"ወንድሟ ከሞተ ወዲህ አእምሮዋ ልክ አይደለም ጌታዬ" አሉ። "የሰማችውን ሁሉ የኔ ነው ትላለች። ሕመምተኛ ናት፣ ይማሯት።"

እውነቴን መሆኑን ለማሳየት ቅኔውን ከመጀመሪያው ቤት ጀምሬ በግእዙ፣ በዜማው ማለት ጀመርኩ። ሁለተኛው ቤት ላይ ሳልደርስ አባቴ ከተንበረከኩበት ተፈናጥረው በጥፊ አፌን መቱኝ፤ ከንፈሬ በጥርሴ ተተረተረ፣ ደሙ ጨው ጨው አለኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ አንድም ቀን እጃቸውን አንሥተውብኝ አያውቁም። እናቴ ከኋላ መጥታ በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘችኝ።

ገዥው ወደ ላቀው ዞሩ። "ለመጨረሻ ጊዜ፣ የማን ነው?"

ላቀው ከመሬት ላይ፣ ጉንጩ አፈር ላይ እንዳለ፣ ፊቱን ወደኔ አዞረ። ሌላ ሰው አለ ቢል ምናልባት ይተዉት ነበር። አጥሚት ያጠጣሁት ልጅ፣ ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ ልቅሶዬን የሰረቀኝ ልጅ፣ በደምና በአቧራ ውስጥ ሆኖ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

"የራሴ ነው" አለ። "ማንም አላገዘኝም።"

ጅራፉ ሲወርድ ፊቱን አላዞረም፤ ጫፉ የግራ ዓይኑን ይዞ ተነሣ። ያንን ጩኸት አልጽፈውም።

ተማሪዎቹ ተሸክመው ወደ ጎጆው ሲወስዱት እንደ ጀግና ነበር የወሰዱት። ገዥን በቅኔ የወጋ፣ ተገርፎ ያልካደ! ይበልጣል ራሱ ቁስሉን አጠበለት፣ ያሾፉበት የነበሩት ሁሉ ተራ ገብተው ውኃ አጠጡት። እኔ ቤት ውስጥ ከንፈሬ አብጦ ተኝቻለሁ። አባቴ እህል ሳይቀምሱ አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ከወይራው ሥር ጉባኤው ሲሰበሰብ፣ አንዱ ተማሪ የላቀውን ቅኔ አንሥቶ ማመስገን ሲጀምር አባቴ መቋቋም አቃታቸው። "ቅኔው የላቀው አይደለም" አሉ።

"የማን ነው ታዲያ የኔታ?" አለ ይበልጣል።

አባቴ ተነሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ለተማሪዎቹ ግን ከዚህ በላይ አያስፈልጋቸውም፤ የጉባኤው ሕግ አንድ ነው፣ ሕጉንም ያስተማሯቸው ራሳቸው ነበሩ። ትናንት ቁስሉን ያጠቡት እጆች ዱላ ያዙ። ጩኸቱን ሰምተን እናቴና እኔ ወደ ተዳፋቱ ስንሮጥ ጎጆው ሲነድ ደረስን፤ ደበሎውን ከላዩ ገፈው እሳቱ ላይ ጥለውት ነበርና ያ የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ሜዳውን ሞልቶታል። ላቀው ዓይኑ በጨርቅ እንደታሰረ መሬት ለመሬት ይንከባለላል፤ ከየት እንደሚመቱት ስለማያይ ወደ ዱላው ራሱ እየሄደ ይላተማል። በጅራፍ የተተለተለው ጀርባው እንደገና ተከፍቶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ባለቤት ነህ ተብሎ ተመታ፤ በሁለተኛው ቀን ባለቤት አይደለህም ተብሎ።

እናቴ ከቤት ስትወጣ እህል የምትወቅጥበት ዘነዘና በእጇ ነበር፤ ሳታስበው ይዛው የወጣች ይመስለኛል። ከላቀው በላይ ሁለት እግሯን ከፍታ ቆመች።

"ማንም እንዳይጠጋ!"

"እሜቴ፣ ይልቀቁን" አለ ይበልጣል፣ እያለከለከ። "ሌባ ነው። የሰው ቅኔ ነው የሰረቀ።"

"ይስረቅ! ዓይኑን ሰጥቶ የለም እንዴ? ከዓይን የሚበልጥ ምን ዕቃ ነው የሰረቀው?"

"እርስዎ አያውቁትም፣ ይህ የጉባኤ ነገር ነው" ብሎ ሊያልፋት እጁን ሰደደ። ዘነዘናው ትከሻው ላይ ሲያርፍ የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት፤ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ይበልጣል ተቀመጠ። ሌሎቹ፣ በጅራፍ ፊት ያልደፈሩ፣ በወደቀ ሰው ላይ ግን የደፈሩ እነዚያ ሁሉ፣ ዘነዘና በያዘች አንዲት ሴት ፊት ቀስ በቀስ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ።

ላቀውን ወደ ቤታችን ወስደን እዚያው መደብ ላይ አስተኛነው። እናቴ በሞቀ ውኃ ቁስሉን ስታጥብ፣ ቅኔው የማን እንደሆነና ስለ ማን እንደሆነ ነገርኳት፤ ማማውን፣ እሸቱን፣ ሀብቴን። ጨርቁን እንደያዘች እጇ ቆመ። ውኃው ከጨርቁ መደቡ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። "እልል ብዬለት ነበር እኮ" አለች። ከዚያ ጨርቁን ነክራ፣ ጨምቃ፣ የላቀውን ጀርባ ማጠቧን ቀጠለች። ላቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር፤ መስማቱን የማውቀው ትንፋሹ በመቆሙ ነው።

ሲድን ማንንም ሳይሰናበት ወደ ሊበን ሄደ። ይበልጣል ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ተማሪዎቹን ከሞላ ጎደል ይዞ ወደ ሌላ ጉባኤ ተሻገረ፤ የቀሩትም አንድ በአንድ ተበተኑ፣ ወይራው ሥር ሣር በቀለ። አባቴ ገዥው ነገሩን መልሰው እንዳያነሡት ፈርተው፣ ጥምቀት ሲያልፍ ለፍኖተ ሰላም ነጋዴ ዳሩኝ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ በግእዝ ሰድቤውም አላውቅም። አባቴ በየዓመቱ በዓል ሊጠይቁኝ ይመጡ ነበር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ልጆቼ እናወራለን። ስለዚያች ቀን ግን እሳቸውም አንድ ቃል ሳይሉ፣ እኔም ሳልጠይቃቸው፣ ሞቱ።

ቅኔው ግን አልሞተም። ላቀው መሪጌታ ላቀው ሆኖ በየደብሩ ተከበረ፤ ቅኔውም "የላቀው ቅኔ" ተብሎ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፣ ዓይን የወጣበት ቅኔ እየተባለ በጠላ ቤት ሳይቀር ተወራ። በገበያ መካከል፣ ጨው ስሸምት፣ ሁለት ደብተራዎች ምስጢሩን ሲከራከሩበት ሰምቼ አልፌያለሁ። ጠባቂው ገዥው ነው ይላል አንዱ፤ አይደለም፣ ንጉሡ ራሳቸው ናቸው ይላል ሌላው። ስለ ሀብቴ የጠረጠረ የለም።

በአባቴ ተዝካር ላቀው መጣ። ሰውነቱ ገዝፎ፣ ጥምጥሙ ነጭ፣ የግራ ዓይኑ ጎድጓዳ ሆኖ ነበር። ሰው ሁሉ ተነሣለት። ዳሱ ሲሞላ፣ እንዲናገር ሲለመን፣ ቆመና ያ ቅኔ የሱ እንዳልሆነ፣ ታሞ በተኛበት ቤት እንደሰረቀው፣ ባለቤቷም እዚህ የተቀመጠችው የየኔታ ልጅ እንደሆነች በዚያ መለከት ድምፁ ተናገረ። እጁን ወደኔ ዘረጋ። ዳሱ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ቀጥሎ ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩና ፈገግ አሉ። "እዩት እንግዲህ ትሕትናውን" አሉ ትልቁ አለቃ፣ እንባ ተናንቋቸው። "ለመምህሩ ልጅ መታሰቢያ ሰጣት።" "ይበል!" ተባለ። ላቀው እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

ሰው ሲበተን ከዳሱ ምሰሶ ተጠግቶ አገኘሁት። ለምን ያን ጊዜ፣ ከዋርካው ሥር፣ እውነቱን እንዳልተናገረ ጠየቅሁት። እኔን አዝኖልኝ እንደሆነ፣ ወይስ ሕዝብ ፊት ሌባ መባልን ከጅራፉ በላይ ፈርቶት እንደሆነ ማወቅ እፈልግ ነበር።

"እኔም ራሴን ስጠይቀው ነው የኖርኩት" አለኝ። "ስሰርቀው የኔ አልነበረም፤ ያውቀው ነበር ልቤ። ዓይኔ ከፈሰሰ ወዲህ ግን የኔ እየመሰለኝ ሄደ፣ እታለም። ይህን ነው ይቅር እንድትዪኝ የምለምንሽ።"

ይቅር አልኩት፤ ከልቤም ነበር። ለሱ ይቅር ማለት ቀላል ነው፤ ከኔ የወሰደው አንዲት ቅኔ ነው፣ እሷም ብትሆን ዛሬም በሰው አፍ ትኖራለች፣ ስሟ ተለውጦም ቢሆን አለች። አባቴ አፌን ከመቱኝ ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን፣ ባል ሳገባና ልጅ ስወልድ፣ እናቴን ስቀብርና አባቴን ስቀብር፣ በየሐዘኑና በየደስታው ቃል ከቃል ሊጋጠም ወደ ከንፈሬ ሲመጣ እየዋጥሁ መለስሁት፤ በኋላ መምጣቱንም ተወ። እነዚያን የዋጥኋቸውን ቅኔዎች ማንም አልሰረቀብኝም፤ በማንም ስም የሚጠሩ፣ በማንም አፍ ያሉ አይደሉም። የትም የሉም።